ባንዲት ደረጃ 6 አላልፍ አለኝ፣ እርዱኝ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ጂማ የምማር የ2ኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሳይበር ሴኩሪቲን በተግባር እየሞከርኩ መማር ስለፈለግኩ ኦቨርዘዋየር የሚባል ድረ ገጽ ላይ ያለውን ባንዲት የሚባለውን የሴኩሪቲ መለማመጃ ጨዋታ ጀመርኩ። ነፃ ነው። በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ከርቀት ገብቶ በትእዛዝ መሥሪያ መንገድ)፣ በፖርት 2220 ወደ ጨዋታው ሰርቨር ትገባላችሁ። ከዚያ በየደረጃው የሚቀጥለውን ፓስወርድ ትፈልጋላችሁ።

እስከ 5 በራሴ ሄድኩ። 6 ላይ ግን ይኸው ሦስት ቀኔ። ፓስወርዱን የያዘው ፋይል ሰርቨሩ ውስጥ የሆነ ቦታ አለ፤ ባለቤቱ ባንዲት7፣ ግሩፑ ባንዲት6፣ መጠኑ 33 ባይት። በፋይንድ ትእዛዝ ከሩት (ፋይሎቹ ሁሉ ከሚጀምሩበት ዋናው ፎልደር) ጀምሬ ስፈልግ ስክሪኑ ፈቃድ እንደሌለኝ በሚናገር መስመር ይሞላል። የምፈልገው ፋይል እዚያው መሃል ሊኖር ይችላል፣ ግን ዓይኔ ሊለየው አልቻለም። ፈረንጅ አራዳ የተከራየሁበት ቤት ዋይፋይ የለም፤ በስልኬ ዳታ ነው የምሠራው።

እባካችሁ ፓስወርዱን አትንገሩኝ። ገልብጬ ካለፍኩ ምኑን ተማርኩት? የስህተት መልእክቶቹን ከውጤቱ የምለይበትን መንገድ ብቻ ጠቁሙኝ። ደግሞስ ከዚህ ቀጥሎ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ያዘጋጀው ፒኮሲቲኤፍ የሚባለው የሳይበር ሴኩሪቲ ውድድር ይሻለኛል?

ጂማ ውስጥ አብሮኝ መሞከር የሚፈልግ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ተገናኝተን እንሥራ።