ክርክር፦ ለሎጎ ሐይቅ ጀልባዎች የቻይና ሸራ ወይስ ሦስት ማዕዘን?

ጥያቄው፦ ከደሴ 30 ኪ.ሜ. ገደማ በሚርቀው ሎጎ ሐይቅ ላይ ሰው ለሚያሻግሩ 5 ሜትር ያህል የእንጨት ጀልባዎች ሸራ ይሰፋ ቢባል፣ ዘንግ የተደረደረበት የቻይናው ሸራ (ጀንክ) ይሻላል ወይስ የተለመደው ሦስት ማዕዘን?

ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ፦
ጀንክ። ሐይቁን ተራራ ከቦታል፤ ነፋሱ ድንገት ነው የሚመታው። ያን ጊዜ ሰው የሚያተርፈው ሸራን ቶሎ ማሳነስ ነው። ጀንክ ላይ ማንሻ ገመዱን ስትለቀው ሸራው በዘንጎቹ ክብደት ራሱ ይወርዳል፤ አንድ ሁለት ክፍል ታጥፎ ግራና ቀኝ በተዘረጉት ደጋፊ ገመዶች መሃል ያርፋል። ገመዱን መልሰህ ማሰር ብቻ ነው፤ ማንም ከመቀመጫው አይነሳም። በሦስት ማዕዘኑ ግን አንድ ሰው ምሰሶው ሥር ቆሞ ሸራውን መጠቅለል አለበት። በተጫነች ትንሽ ጀልባ ላይ መቆም ማለት መገልበጥን መጥራት ነው።

ከቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ፦
በማሳነሱ አልከራከርህም። ነፋስን ተቃውሞ መሄዱስ? ጠፍጣፋ የተሰፋ ጀንክ ከነፋሱ አቅጣጫ ወደ 60 ዲግሪ ካልዞረ አይሄድም፤ ጥሩ ሦስት ማዕዘን 45 ላይ ይሄዳል። ሒሳቡን ሥራው፦ 1 ኪ.ሜ. ወደ ነፋሱ ለመጠጋት በ45 ዲግሪ 1.4 ኪ.ሜ. ስትጓዝ፣ በ60 ዲግሪ 2 ኪ.ሜ. ትጓዛለህ። ተሳፋሪ ለያዘ ጀልባ ይሄ ቀላል አይደለም።

ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ፦
ጥፋቱ የጠፍጣፋነቱ ነው እንጂ የጀንክ አይደለም። በሁለት ዘንጎች መሃል ያለው ጨርቅ የላይና የታች ጠርዙ ጎበጥ ተደርጎ ለየብቻ ይቆረጥ። 2.6 ሜትር ስፋት ላለው ክፍል 20 ሳ.ሜ. ያህል ሆድ ይበቃዋል፤ ጥልቁ ቦታ ከፊት ጠርዝ 35 እስከ 40 በመቶ ላይ ይሁን። ወደ ኋላ ከሸሸ ይጎትታል እንጂ አይገፋም። የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው ይሄን መስፋት አያቅተውም፤ ጨርቁ ግን ውሃ የሚመጠውና የሚከብደው ዓይነት አይሁን።

ከፒያሳ፣ ደሴ፦
ወንድሞቼ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 አትላንቲክን ለብቻ ለማቋረጥ በተደረገው ውድድር የብሪታንያዊው መርከበኛ የሃስለር ጀልባ ጄስተር የያዘችው ጀንክ ነበር። በ48 ቀን ገብታ ሁለተኛ ወጣች። አሸናፊው ቺቼስተር በሦስት ማዕዘን ሸራ በ40 ቀን ገባ።

ከቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ፦
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ 8 ቀን ዘገየች።

ከፒያሳ፣ ደሴ፦
ጄስተር 7.6 ሜትር፣ የቺቼስተሯ 12 ሜትር ገደማ ነበሩ። ረጅም ጀልባ በተፈጥሮው ይፈጥናል፤ ልዩነቱን በሙሉ በሸራው ላይ አትጫነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሐይቁ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ወለሉ በ18 በመቶ ያህል ይሳሳል። ባሕር ላይ 10 ካሬ የሚበቃው ጀልባ እዚህ 12 ካሬ ይፈልጋል። ትልቅ ሸራ ያለ ስጋት የሚሰቀለው ደግሞ በቶሎ የሚታጠፍ ከሆነ ነው።

ከቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ፦
እሺ፣ ይሄ ያሳምናል። የሚያስፈራኝ ምሰሶው ነው። ጀንክ በሽቦ አይወጠርም፤ ሸራው ከምሰሶው ፊትም ስለሚወጣ ሽቦው ላይ ይፋቃል። ስለዚህ ጉልበቱ ሁሉ ምሰሶው አግዳሚውን (ከጀልባው ጎን ወደ ጎን የተጋደመውን እንጨት) በሚያልፍበት ቦታ ያርፋል። 6 ሜትር ምሰሶ ከአግዳሚው እስከ ታችኛው መቀመጫው ቢያንስ 60 ሳ.ሜ. ይጠለቅ፤ ዙሪያው በሽብልቅ ይጠበቅ። በቱቦላሬ የሚሠራ ካለ አግዳሚው አጠገብ ብየዳ እንዳያሳርፍ፤ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ፦
ባህር ዛፍ ይሁን። ቅርፊቱ ተልጦ፣ ሁለቱ ጫፎች ቀለም ተቀብተው በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከጣሉት ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። አግዳሚው ላይ 10 ሳ.ሜ. ውፍረት፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ። ለዘንጎቹ የቆላ ሽመል፤ ውስጡ ድፍን ነው። የደጋው ቀርከሃ ባዶ ስለሆነ የታሰረበት ላይ ይጨፈለቃል። አትብሱት፤ በገመድ ጠፍራችሁ እሰሩት።

ከቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ፦
የመቆጣጠሪያ ገመዱን ረስታችኋል። ከብዙ ዘንግ ጫፍ ተነስቶ ወደ አንድ ስለሚሰበሰብ፣ ሸራው ከጎን ወደ ጎን ሲዞር ከዘንግ ጫፍ ላይ ይጠመጠማል። ጫፎቹ ይክበቡ፤ ማሰሪያው ከሸራው የኋላ ጠርዝ ራቅ ይበል። ለዚያ ጀልባው ኋላ ቦታ ከሌለው እኔ አሁንም ሦስት ማዕዘን ነው የምለው።