መርከብ ሲሠራ የሚቀድመው ጎድኑ ነው ወይስ ጣውላው?

የታሪክ መምህርት (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ጣና ዳር ወርጄ፣ አንድ አባት ታንኳ ሲሠሩ ለረጅም ጊዜ ቆመን ተመለከትን። የደረቀውን ደንገል እየሰበሰቡ ያስሩታል፣ አንዱን እስር ከሌላው ጋር አጥብቀው ያጣብቁታል፣ ጫፉንም ወደ ላይ ያቀኑታል፤ በውስጡ ግን አንድም የእንጨት ጎድን፣ ማለትም ጣውላን ከውስጥ የሚደግፍ አጥንት፣ የለም። አንዲት ተማሪ «አባባ፣ ታዲያ ቅርጹን የሚሰጠው ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው «እጄ ነዋ፣ ልጄ» ብለው መለሱላት።

ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣም። በመካከለኛው ዘመን የመርከብ አሠራር ቅደም ተከተል እንደተገለበጠ አንብቤያለሁ፤ ቀድሞ ጣውላው ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ጎድኑ ይገባ የነበረው፣ ኋላ ላይ ጎድኑ ቀድሞ ቆሞ ጣውላው የሚለብስበት ሆነ ይላል። ይህ ለውጥ ለምን መጣ? የእኛ ታንኳስ ከየትኛው ወገን ይመደባል? ለተማሪዎቼ በተሳሳተ መንገድ እንዳላስረዳቸው ስለምሰጋ የምታውቁ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

የባሕር ታሪክ አንባቢ (ጎንደር)

መምህርት፣ ያነበቡት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለውጡ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም፤ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቷል። በሮማውያን ዘመን የሜዲትራኒያን መርከብ ሠሪዎች የእያንዳንዱን ጣውላ ጠርዝ እየፈለፈሉ የእንጨት ምላስ ያስገቡበትና ምላሱንም በእንጨት ችንካር ያጸኑት ነበር። በዚህ መንገድ ጣውላ በጣውላ ላይ እየተገጠመ ቅርፊቱ ራሱ መርከብ ይሆናል፤ ጎድን የሚገባው በኋላ ለድጋፍ ብቻ ነው። ሥራው እጅግ ጠንካራ ቢሆንም በሺህ የሚቆጠር ፍልፈላ የሚጠይቅ ነበርና የሰለጠነ የሰው ጉልበትና ብዙ እንጨት ይበላል።

የለውጡን ጉዞ በግልጽ የሚያሳዩን በቱርክ የባሕር ጠረፍ የተገኙ ሁለት የሰመጡ መርከቦች ናቸው። በያሲ አዳ በተገኘው የ7ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ምላሶቹ አሉ፤ ሆኖም አንሰዋል፣ ተራርቀዋል፣ በችንካርም አልተያዙም፤ ከውኃ መስመሩ በላይ ያሉት ጣውላዎች ደግሞ ቀጥታ ከጎድኑ ጋር በምስማር ተመትተዋል። በሰርቼ ሊማኒ በተገኘውና እ.ኤ.አ. በ1025 ገደማ በሰመጠው፣ ብዙ ሰባራ ብርጭቆ ጭኖ ይጓዝ በነበረው መርከብ ላይ ግን ምላስ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። ዋና ዋናዎቹ ጎድኖች ቀድመው ቆመዋል፤ ጣውላው በእነርሱ ላይ ተመትቷል። በእኔ አስተያየት በሁለቱ መርከቦች መካከል ያሉት አራት መቶ ዓመታት ከማንኛውም የመርከብ ፈጠራ ይበልጥ ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው። ከሮማ መዳከም በኋላ መርከብ የሚያሠራው ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነጋዴ ስለነበር፣ ወጪና ጉልበት የሚቆጥበው አሠራር ቀስ በቀስ አሸነፈ።

የተማሪዎን ጥያቄ የሚመልሰው ግን የለውጡ ውጤት ነው። ቅርፊቱ ሲቀድም ቅርጹ ያለው፣ እኒያ አባት እንዳሉት፣ በሠሪው እጅና ዓይን ውስጥ ነው። ጎድኑ ሲቀድም ግን ቅርጹ ከእጅ ወጥቶ ወደ ልኬት ይገባል፤ ዋናው ባለሙያ ጎድኖቹን በሰሌዳ ለክቶ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቆርጣሉ፣ ይመታሉ። በቬኒስ የባሕር ኃይል ያገለገለው የሮድሱ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1434 መጻፍ በጀመረው የእጅ ጽሑፍ ውስጥ የመርከብ ልኬቶችን ማስፈር የቻለው ለዚህ ነው።

በሰሜን አውሮፓ ደግሞ ቅርፊት ማስቀደሙ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቷል። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ834 የተቀበረው የኦሰበርግ መርከብ ጣውላዎቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው በብረት የተያያዙ ናቸው። በ1962 በጀርመን ብሬመን ከወንዝ ውስጥ የተገኘው፣ የ1380ው የጭነት መርከብም ጎኑ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጣውላ ሳይደራረብ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ በጎድን ላይ የሚመታበት የደቡቡ አሠራር በሰሜን የተስፋፋው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

የቅርስ ጥናት ተማሪ (ባሕር ዳር)

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለእኛ የሚቀርበውን ባሕር ዘልሎታል። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ መርከብ የሚያያዘው በምስማር ሳይሆን በስፌት ነበር፤ ጣውላው እየተበሳ በገመድ ይሰፋል፣ ጎድኑም በኋላ ይገባል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ አፄ ካሌብ ሠራዊታቸውን አሻግረው ወደ ሒምያር (የዛሬዋ የመን) በዘመቱበት ዘመን የኖረው የባይዛንታይኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ የዚህ ባሕር መርከቦች በገመድ የታሰሩ መሆናቸውን መዝግቧል። በጊዜው «ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ዐለት ስላለ ነው» ይባል የነበረውንም፣ ብረት ያለባቸው የሮማውያን መርከቦች በዚያው ባሕር ያለ ችግር ይጓዛሉ በማለት ውድቅ አድርጎታል።

ከአንዳሉስ (ሙስሊም ስፔን) የመጣው ተጓዥ ኢብን ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1183 በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ከነበረው የዐይዛብ ወደብ ወደ ጅዳ ሲሻገር የተሳፈረበትን መርከብ በኮኮናት ቃጫ የተሰፋ፣ አንድም ምስማር የሌለው፣ ቅባት የጠጣ መሆኑን ይገልጻል። የሚጠራውም እኛ ዛሬ በጣና ዳር በምንጠራበት በዚያው ቃል ነው፦ ጀልባ። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ በምስማር የተመታው ከዐለት ሲጋጭ ይሰበራል፣ የተሰፋው ግን እየተለመጠ ይችለዋል ይላል። ይህ አሠራር ደካማ እንዳልሆነ በ1998 በኢንዶኔዥያ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የተገኘው የ9ኛው ክፍለ ዘመን የተሰፋ መርከብ ይመሰክራል፤ የጫነው የቻይና ሸክላ ዕቃ 60,000 ያህል ነበር።

ጀልባ ሠሪ (ከጣና ዳር)

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ የእንጨት ጀልባ እሠራለሁ፤ አባቴ ደግሞ ታንኳ ይሠራ ነበር። መምህርት ታንኳው ከየትኛው ወገን ነው ላሉት፣ ከሁለቱም አይደለም እላለሁ። ጀልባ የሚንሳፈፈው ውኃ እንዳይገባበት ስለተዘጋ ነው፤ አንድ ቦታ ከተበሳ ያልቅለታል። ታንኳ ግን ውኃ በመካከሉ ቢያልፍም አይሰምጥም፤ የሚያንሳፍፈው ራሱ ደንገሉ ነውና። ጠላቱ ቀዳዳ አይደለም፤ ቀስ እያለ ውኃ መጥጦ መክበዱ ነው። ለዚህ ነው ከሥራ ሲመለስ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የሚቆመው። ስለዚህ ጎድን የለውም ብለው ልጆቹ ወደ ኋላ የቀረ እንዳይመስላቸው፤ ጎድን የሚያስፈልገው ቅርፊት ላለው ነገር ነው።

በጎድን ስለመሥራት ደግሞ ይህን ልንገርዎ። የመጀመሪያ ጀልባዬን ስሠራ አንዱን ጎድን ሁለት ጣት ያህል አስፍቼ ቆረጥኩት። ጣውላው እዚያ ላይ ሲደርስ አልተኛ አለኝ፤ በግድ አስተኝቼ ብመታው ከርሞ ተሰነጠቀ። አባቴ ሲሠራ እንዲህ ያለ ስሕተት በእጁ ጨብጦ ያስተካክለው ነበር፤ በጎድን ሲሠራ ግን ስሕተቱ የተሠራው ገና እንጨቱ ሲለካ ነው።

የታሪክ መምህርት (ባሕር ዳር)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ውኃ የሚያልፍበትና ውኃ የማይገባበት የሚለው ልዩነት እኔም ያላሰብኩት ነበር። ተማሪዎቹ ሦስት ትናንሽ ሞዴሎች እንዲሠሩ ወስኛለሁ፤ አንዱ የደንገል እስር፣ አንዱ በክር የተሰፋ፣ አንዱ ጎድን የቀደመበት። ወንድሜ ጀልባ ሠሪው፣ ለስፌቱ ሞዴል በቀላሉ የማይሰነጠቅ ስስ እንጨት ቢጠቁሙኝ?

ጀልባ ሠሪ (ከጣና ዳር)

ዋንዛ ይሁን፤ በደንብ የደረቀ። ቀዳዳውን ከጠርዙ ራቅ አድርገው ይብሱት፤ ክሩንም ከመስፋታችሁ በፊት ዘይት አጠጡት። ቅዳሜ ጠዋት ዳር ላይ ስለምገኝ ልጆቹን ይዘው ቢመጡ ቁራጭ እንጨት አላጣላችሁም።