የዶሮ ሄትሮፊል ፐርኦክሲዴዝ ለምን አልያዘልኝም?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ከዶሮ ክንፍ ሥር ደም ቀድቼ ስላይድ ሠራሁና ፐርኦክሲዴዝ የሚባለውን ኢንዛይም በሚያሳይ ማቅለሚያ አቀለምኩት። ሄትሮፊሎቹ (ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት) ምንም ቀለም አልያዙም። ጎን ለጎን የራሴን ደም አቅልሜ ነበር፣ እዚያ ኒውትሮፊሎቹ (ባክቴሪያን የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች) ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የገረመኝ ግን የዶሮዋ ስላይድ ላይም አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ሴል ይዟል። ሁለት ቀን ደጋገምኩት፣ ያው ነው። ሄትሮፊል የወፎች ኒውትሮፊል ነው ተብለን አይደል የተማርነው? የቱ ጋ ተሳሳትኩ?

መልስ 1፦
አልተሳሳትክም ወንድሜ። ማቅለሚያህም ደህና ነው፣ የራስህ ደም መስክሮልሃል። ሄትሮፊል ሥራው የኒውትሮፊል ነው፣ በግራኑሎቹ (በሴሉ ውስጥ ባሉት ትንንሽ ከረጢቶች) ውስጥ የያዘው ግን ይለያል። የኒውትሮፊሉ ፐርኦክሲዴዝ፣ ማየሎፐርኦክሲዴዝ የሚባለው፣ የለውም። ላይሶዛይምና አሲድ ፎስፋቴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉት፣ የባክቴሪያን ሽፋን የሚበሱ ዲፌንሲን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖችም አሉት። የያዙልህ ጥቂቶቹ ኢኦሲኖፊሎች (ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች) ይመስሉኛል፣ የዶሮ ኢኦሲኖፊል ፐርኦክሲዴዝ አለውና። ያንኑ ደም በጊምሳ፣ በተለመደው የደም ማቅለሚያ፣ አቅልመህ፣ ዘይት ጠብ አድርገህ በ100 ሌንስ እየው። ሄትሮፊሉ ላይ እንደ ገብስ ፍሬ ጫፍና ጫፋቸው የቀጠነ፣ ቀለማቸው እንደ ጡብ የቀላ ግራኑሎች ታያለህ። የኢኦሲኖፊሉ ክብ ክብ ናቸው። አንዳንዴ ግን ማቅለሚያው የሄትሮፊሉን ግራኑል በከፊል ያሟሟውና እሱም ክብ ይመስላል፣ እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

መልስ 2፦
የዶሮ መግል የማይፈሰውም በዚሁ ምክንያት ነው! መጀመሪያ መዳፏ ሥር ያበጠባት ዶሮ ሲያመጡልኝ እንደ ውሻ መግል ይፈሳል ብዬ ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ጠበቅኩ። የወጣው እንደ ደረቀ አይብ የሚፈረፈር ቢጫ ጓል ነው፣ በመቆንጠጫ ለቅሜ ነው የጨረስኩት። ኒውትሮፊል በማየሎፐርኦክሲዴዙ በረኪና ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ ይሠራል፣ በሌሎች ኢንዛይሞቹ ደግሞ የሞተውን ሥጋ ያቀልጣል። ሄትሮፊል እንደዚያ ማቅለጥ ስለማይችል መግሉ ይጠጥራል። ስለዚህ የዶሮ እብጠት በመርፌ ልምጠጥ ብላችሁ አትድከሙ፣ ተከፍቶ ነው የሚወጣው።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሄትሮፊል ውስጥ ያሉት ግራኑሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ በመጠንም በቅርጽም ይለያያሉ፣ ኢንዛይሞቹም በሁሉም ውስጥ እኩል አልተከፋፈሉም። ስለዚህ አንድ ኢንዛይም ብቻ አቅልመህ ስለ ሙሉ ሴሉ አትፍረድ። ቆጠራም ከሆነ ሐሳብህ በእጅህ ቁጠር፣ ለሰው ደም የተሠራ ማሽን ኒውክሊየስ ያላቸውን የዶሮ ቀይ ሴሎች ከነጩ ጋር ያምታታብሃል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! አሁን በጊምሳ አየሁት፣ የገብስ ፍሬ የመሰሉት ቁልጭ ብለው ወጡ። ነገ አሲድ ፎስፋቴዙን እሞክራለሁ።