የብሎካችን ግሩፕ ሌባ እጅ ገባ! ነገ ጠዋት ውሃ ይዘጋል፣ ሰው እንዴት ይስማ?

የብሎኩ ፀሐፊ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡20)
እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። የሊቀመንበራችን ስልክ ዛሬ ከሰዓት ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ግሩፑን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ሌባው አሁን በእሳቸው ስም እየጻፈ ነው። «የፓምፕ መዋጮ 1,500 ብር በዚህ ቁጥር አስገቡ» ብሎ ለጥፏል። ሁለት ጎረቤቶቻችን አስገብተዋል። «አትላኩ፣ ሌባ ነው» ብዬ ስጽፍ ከግሩፑ አስወጣኝ።

ነገ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሮቶው ይታጠባል። ቀኑን ሙሉ ውሃ የለም። ሰው ዛሬ ማታ ጀሪካኑን ካልሞላ ጉድ ነው። እሁድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ሁሉንም ማስታወሻ ዛሬ ማታ ልለጥፍ ነበር። ግሩፑን እንዴት ላስመልስ?

ሰሚት ነዋሪ
ግሩፑ ቴሌግራም ነው ዋትስአፕ? ስንት ቤት ናችሁ? ስልኩ መቆለፊያ አልነበረውም? ሲሙስ ተዘግቷል? ይሄን ሳታውቂ... ሳታውቅ መመለስ ይከብዳል ወንድሜ።

የብሎኩ ፀሐፊ
እህትህ ነኝ። ቴሌግራም ነው። 38 ቤት ነን፣ ጀሞ። ስልኩን እያወሩበት ነው በመስኮት የነጠቋቸው፣ ስለዚህ ክፍት ነበር። ሲሙ መዘጋቱን አላውቅም። እሳቸው ገና ድንጋጤው አልለቀቃቸውም፣ ቤታቸው ሄጄ ልጠይቃቸው ነው።

ባለ ሱቁ
አሁኑኑ በሌላ ሰው ስልክ ኢትዮ ቴሌኮም ጋ፣ 994 ደውሉና ሲሙን አዘጉ። ሌላው ሁሉ በኋላ ይደርሳል። ቴሌብር ካላቸው እሱንም አብረው ይንገሩ።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ስለ ሌባው ሌሎቹ ይነግሩሻል። እኔ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጠቅላላ ጉባኤ በቴሌግራም ብቻ ይጠራል እንዴ? የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት የማኅበሩ አባል የቤቱ ባለቤት ነው። ማኅበሩም መተዳደሪያ ደንብ አለው። ጥሪው በምን መንገድ፣ ከስንት ቀን በፊት እንደሚደርስ ደንባችሁን ገልጣችሁ እዩ። እኛ ብሎክ አንድ ጊዜ በችኮላ ጠርተን መዋጮ ወሰንን። ከወር በኋላ አንዱ ባለቤት ተነስቶ «እኔን ማን ጠራኝ? አልከፍልም» አለ። ደንቡን ስናየው እውነቱን ነው። ሁሉንም እንደገና ጀመርን። አጀንዳው የፓምፕ መዋጮ ከሆነ ገንዘብ ነው፣ ገንዘብ ደግሞ ጎረቤት ያጣላል። ጥሪው በወረቀት ይሁን፣ ሰው ይፈርምበት። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍራችሁ ሌላ ቀን ቁረጡ።

ሰሚት ነዋሪ
መምህር ልክ ነዎት፣ ግን ልጅቷ ነገ ጠዋት ውሃ ሊቋረጥባት ነው።

ጡረተኛው መምህር
ውሃው ይመለሳል። የተበላሸ ስብሰባ ግን ዓመት ያጨቃጭቃል።

የእድር ልጅ
ቀላል ነው! የእድራችሁን ጥሩንባ ነፊ ጥሩ። አንድ ጊዜ ቢነፋ 38ቱም ቤት በረንዳ ላይ ይወጣል 😄

የአራተኛ ፎቅ እናት
ኧረ ልጄ እንዳታደርጉት! ጥሩንባ ማታ ሲነፋ ሰው ሞተ ነው የሚባለው። እኔ ጫማዬን ሳላደርግ ነው የምወርደው። ግን ሐሳቡ ክፉ አይደለም። እኛ ጋ እድሩ ለፋፊ አለው፣ የሰው ደጅ እያንኳኳ ይናገራል። ማን ቤት አለ፣ ማን ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ማን ጆሮው አይሰማም፣ ሁሉን ያውቃል። እሱን ለምኑት።

ተከራዩ
ይቅርታ አድርጉልኝና ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ግሩፑን ዛሬ ማታ ማስመለስ ለምን ያስፈልጋል? ዛሬ የሚያስፈልገው 38 ቤት ውሃ እንደሚዘጋ ማወቁ ነው። አምስት ወለል ናችሁ፣ ለአንድ ወለል አንድ ልጅ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ተከራይ ነኝ። እኛ ብሎክ ግሩፑ ውስጥ ያለው የቤቱ ባለቤት ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ባለፈው ሮቶ ሲታጠብ ማንም አልነገረኝም። የሁለት ወር ሕፃን ይዘን ያለ ውሃ ዋልን። በራችንን ያንኳኳ ሰው ቢኖር ኖሮ እመርቀው ነበር። ግሩፑ ደህና በነበረበት ጊዜም ለሁሉም አይደርስም ነበር ማለቴ ነው።

የብሎኩ ፀሐፊ (1፡05)
አመሰግናለሁ። የተከራዩ ነገር አስደነገጠኝ፣ እውነት ነው። ከ38ቱ 15 የሚሆኑት ተከራዮች ናቸው፣ ግሩፑ ውስጥ የሉም። ልጆቹን ልልክ ነው። ግን ሌባው አሁንም ገንዘብ እየጠየቀ ነው፣ እሱን እንዴት ላስቆመው? ሲሙን አሁን በ994 አዘግተናል። ሲሙ ተዘግቶም እየጻፈ ነው!!

ባለ ሞተሩ
994 ደውሉ፣ ሲሙን ያዘጉላችኋል።

የብሎኩ ፀሐፊ
ተዘግቷል ወንድሜ፣ ከላይ ጽፌያለሁ።

ስልክ ጠጋኙ
እህቴ ተረጋጊና ይሄን በደንብ አንብቢ። ብዙ ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ከረፈደ በኋላ ነው።

ሲም መዝጋት ቴሌግራምን አይዘጋም። ቴሌግራም አንዴ ከተከፈተ በዋይፋይም ቢሆን ይሠራል። ሌባው የሚጽፈው ለዚህ ነው። ሲሙን መዝጋታችሁ ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታዪዋለሽ።

ሊቀመንበሩን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ቴሌግራማቸው ሌላ ቦታ ተከፍቶ ያውቃል? የቢሮ ኮምፒውተር፣ የልጃቸው ላፕቶፕ፣ ታብሌት? አንድ ቦታ ካለ ድናችኋል። እዚያ ገብታችሁ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱ። የተሰረቀው ስልክ ስሙ ይታያል። እሱን ነክታችሁ ተርሚኔት (አስወጣ) በሉት። ሌባው በሰከንድ ውስጥ ይወጣል። ተመልሶ ልግባ ቢል ኮድ ይፈልጋል፣ ኮዱ የሚመጣው ቴሌግራሙ በተከፈተበት ሌላ ቦታ ወይም በኤስኤምኤስ ነው፣ ሲሙ ግን ተዘግቷል። ቅድሚያ ሲም፣ ከዚያ ተርሚኔት ያልኩሽ ለዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

የትም ቦታ ካልተከፈተ ነገ መታወቂያ ይዘው ምትክ ሲም ያውጡ፣ በሌላ ስልክ ይግቡ። እዚህ ላይ ሰው የሚያብደው፦ አዲስ የገባ ስልክ የቆዩትን ስልኮች ወዲያው ማስወጣት አይችልም። ቴሌግራም 24 ሰዓት ያስጠብቃል። ስለዚህ እስከ እሁድ ሌባው አብሯችሁ ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ግን ሊቀመንበሩ ራሳቸው ግሩፑ ላይ «ስልኬ ተሰርቋል፣ አትላኩ» ብለው መጻፍ ይችላሉ።

ሌባው የራሱን የይለፍ ቃል ካበጀበት ሌላ ጣጣ ነው። አካውንቱን ከዜሮ ለማስጀመር አንድ ሳምንት ይጠበቃል፣ የግሩፑ ባለቤትነትም አብሮ ይሄዳል። ተስፋ አደርጋለሁ አልደረሰበትም።

የእድር ልጅ
ጠጋኙ ተባረክ። የእኔን የጥሩንባ ሐሳብ ተዉት።

አከራይ ነኝ፣ ቨርጂኒያ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔም አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አለኝ፣ ሌላ ሰፈር ነው። ወረቀት ለጥፉ፣ በር አንኳኩ ያላችሁት ጥሩ ነው። እኛን ውጭ ያለነውን ግን አትርሱን። መዋጮ ሲወሰን፣ ጣሪያ ሲያፈስ የምሰማው በግሩፑ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ሌባ «1,500 ላኩ» ብሎ ቢጽፍልኝ ያለ ጥርጥር ሊቀመንበሩ ናቸው ብዬ እልካለሁ። ውጭ ላሉት ባለቤቶች ለእያንዳንዱ ለብቻው ጻፊላቸው እህቴ፣ ዛሬውኑ። ከሁሉም በላይ የሚታለሉት እነሱ ናቸው፣ ደረጃ ላይ የተለጠፈ አያዩም።

ባለ ሱቁ
እውነት ነው። ብር የላኩት ሁለቱም ሰዎች ዝም አይበሉ። የላኩበትን ማረጋገጫ መልእክት አያጥፉ፣ ስክሪንሾት ያንሱ። ለተላከበት ድርጅት ይደውሉ፣ ፖሊስ ጣቢያም ያስመዝግቡ። ብሩ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም፣ ግን በቶሎ የደወለ ሰው የተሻለ ዕድል አለው።

የአራተኛ ፎቅ እናት
ልጄ፣ ወረቀቱን ስትለጥፊ በትልቁ ጻፊ። የእኛ ፀሐፊ በትንሽ ፊደል አንድ ገጽ ሙሉ ይጽፋል። እኛ መነጽር የሌለን ምኑን እናነባለን? «ነገ ውሃ የለም፣ ዛሬ ሙሉ» በቂ ነው። አንዱን ደረጃው መግቢያ፣ አንዱን ጥበቃው ጋ፣ አንዱን ኮሚናሉ በር ላይ። በዓል ሲመጣ በግ የሚታረደው፣ ለቅሶ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ሁሉም ያልፍበታል። ሌላው ደግሞ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ካሉ ልጆቹ ተናግረው ብቻ አይሂዱ። ጀሪካናቸውን ሞልተውላቸው ይሂዱ። ሁለት ጀሪካን አምስተኛ ወለል ማድረስ ለልጅ ቀላል ነው፣ ለእኛ ግን ከባድ ነው።

ተከራዩ
እናቴ ይኑሩልን። 🙏

የብሎኩ ፀሐፊ (3፡10)
ተመልሻለሁ። አምስት ልጆች ልኬ ሁሉንም በር አንኳኩተዋል። ሰባት ቤት ሰው የለም፣ በራቸው ስር ወረቀት አስገባን። ኮሚናሉ በር ላይም ለጠፍን። ሁለተኛ ፎቅ ላሉት እማማ ልጆቹ ሦስት ጀሪካን ሞልተውላቸዋል፣ እሳቸውም ዳቦ ሰጥተው ሸኟቸው።

ቴሌግራሙ ግን የሊቀመንበሩ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ያውቃል። ቢሮው እስከ ሰኞ ዝግ ነው። የልጃቸው ላፕቶፕ ላይ አንድ ጊዜ ከፍተው እንደነበር ትዝ አላቸው፣ ልጅቷ ሃዋሳ ነው የምትማረው። ደውለንላታል፣ አታነሳም።

ስልክ ጠጋኙ
ደጋግማችሁ ደውሉ! ልጅቷ ላፕቶፑን ከፍታ ራሷ ከዚያው ከሃዋሳ ልታስወጣው ትችላለች፣ እዚህ መምጣት አያስፈልጋትም። ከዚያ ወዲያው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከኮዱ ሌላ የሚጠየቅ የይለፍ ቃል) ያብሩ፣ የይለፍ ቃሉን ደብተር ላይ ይጻፉት። ለወደፊቱ ደግሞ ቢያንስ ሦስት አድሚን ይኑራችሁ፣ አንዱ ተከራይ ይሁን። ባለቤትነቱን ለሌላ ለማዛወርም ይለፍ ቃሉ ከበራ ሰባት ቀን ማለፍ አለበት፣ ስለዚህ ለእሁድ አትድከሙበት።

ሰሚት ነዋሪ
ይሄ ጋብ ሲል ማስታወቂያውን ከወሬው ለዩት። እኛ ጋ ለማስታወቂያ ቻናል አለን፣ ኮሚቴው ብቻ ይጽፍበታል። የውሃ ፈረቃ፣ የቆሻሻ መኪና ቀን፣ ስብሰባ፣ ለቅሶ፣ በቃ። ጨዋታው በግሩፑ ነው። ድሮ «ነገ ውሃ የለም» የሚለው በ40 «እንኳን አደረሳችሁ» ሥር ተቀብሮ ይቀር ነበር። መልእክቱን ቀድሞ ጽፎ ሰዓት መቅጠርም ይቻላል፤ መላኪያውን ተጭነሽ ስትይዢው አማራጩ ይመጣል። እኔ ፈረቃውን ሁልጊዜ ዋዜማው ማታ እንዲወጣ አድርጌዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ በራቸው ስር ወረቀት ያስገባችሁላቸውን ሰባት ቤቶች ቁጥር መዝግቢ። እሁድ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ። ልጆቹ ግን ደግ ሥራ ሠርተዋል፣ ስማቸውን በስብሰባው ፊት አንሺላቸው።

ባለ ሞተሩ
994 ብትደውሉ ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

አከራይ ነኝ፣ ቨርጂኒያ (እሁድ)
እህቴ እንዴት ሆነላችሁ? ልጅቷ አነሳች? ሮቶው ታጠበ?

የአራተኛ ፎቅ እናት (ማክሰኞ)
እኔም እየጠበቅኩ ነው። ብሩን የላኩት ሁለቱ ጎረቤቶችስ ምን ሆኑ ልጄ?