ጥልቅ ቸርኬ፦ ለፍጥነት ነው ወይስ ለመልክ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ለውድድር ብስክሌቴ የካርቦን ቸርኬ ለመግዛት ገንዘቡን ካጠራቀምኩ ወራት ቢቆጠሩም ምርጫው ግን አልቆረጠልኝም። ልቤ የከጀለው ጥልቀቱ፣ ማለትም ከጎማው ወደ መሃል ያለው የቸርኬው ቁመት፣ 60 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የማረከኝ መልኩ ነው። ክብደቴ 58 ኪሎ ግራም ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳለሁ፤ መንገዴም ዳገትና ነፋሻ ሜዳ የሚፈራረቁበት ነው። በዚህ ፍጥነት ለሚነዳ ሰው ጥቅሙ በእርግጥ ይገኛል ወይስ የምከፍለው ለመልኩ ብቻ ነው?

መልስ 1

ጥቅሙ አለ፤ መጠኑ ግን ከሚወራለት ያነሰ ነው። በሜዳ ላይ በእርስዎ ፍጥነት ሲነዱ ከጉልበትዎ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል የሚወስደው አየሩን መግፋት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከ30 ወደ 40 ለመድረስ እንኳ ለአየሩ ብቻ ከእጥፍ በላይ ኃይል ይጠይቃል። ይሁንና የዚህ ጫና አብዛኛው የሚያርፈው በነጂው ሰውነት ላይ እንጂ በቸርኬው ላይ አይደለም። ክርንን አጥፎ ደረትን ዝቅ ማድረግና የማይርገበገብ ልብስ መልበስ ከቸርኬ ለውጥ የበለጠ ሊሰጥ ስለሚችል፣ እነዚህን ሳያስተካክሉ ቸርኬ መግዛት ቅደም ተከተሉን ማፋለስ ይመስለኛል።

ጥልቅ ቸርኬ የሚረዳበት ምክንያት ይህ ነው። የሚሽከረከር ጎማ የላይኛው ጫፉ ብስክሌቱ ከሚሄድበት ፍጥነት በእጥፍ ወደ ፊት ስለሚጓዝ እዚያ ያሉት ሽቦዎች አየሩን ክፉኛ ይመቱታል፤ ቸርኬው ሲጠልቅ ደግሞ ሽቦዎቹ ያጥራሉ። ጎማውን ያለፈው አየርም በቸርኬው ጎን ታክኮ ስለሚፈስ ከኋላው የሚፈጠረው ሽክርክሪት ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ግን የቸርኬው ስፋት ከጎማው ስፋት ቢያንስ በ5 በመቶ ሲበልጥ ነው፤ ጎማው ተነፍቶ ሲለካ 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቸርኬው 29.4 ያህል ሊሰፋ ይገባል። ብዙ ሰው ስለ ጥልቀቱ ብቻ ጠይቆ ይገዛል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለ ዳገቱ አይጨነቁ። ጥልቅ ቸርኬ ክብደት ቢጨምርም፣ የ300 ግራም ልዩነት ከነብስክሌትዎ 70 ኪሎ ግራም ለሚሆን ክብደት በአንድ ሰዓት አቀበት ላይ የሚያስከትለው መዘግየት 15 ሰከንድ ገደማ ነው።

መልስ 2

እኔን የሚያሳስበኝ የጎን ነፋሱ ነው። ክብደቴ ከእርስዎ ብዙም አይበልጥም፤ ከፊትም ከኋላም 60 ሚሊ ሜትር አድርጌ በምነዳበት ጊዜ አንድ ቀን ከግንብ ከለላ እንደወጣሁ ነፋሱ ድንገት ሲመታኝ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ደርሶ ነበር። በአንድ ልክ የሚነፍሰውን ነፋስ ሰው ይለምደዋል፤ አደገኛው ድንገተኛው ነው። ከዚያ በኋላ ነፋስ ባለበት ሁሉ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ መሪውን አጥብቄ ስለምይዝ ቸርኬው የቆጠበልኝን በደረቴ መልሼ እከፍል ነበር።

የኋላው ጎማ መሪ ስለማይታዘዝና አብዛኛውን ክብደት ስለሚሸከም ነፋሱ እንደፊተኛው አያናውጠውም። ስለዚህ ከፊት 45፣ ከኋላ 60 ቢያደርጉ የሚወዱትን መልክም ሳያጡ ይቀራሉ።

መልስ 3

መልክን እንደ ነውር አትቁጠሩት። ጣሊያናዊው ብስክሌት ተወዳዳሪ ፍራንቼስኮ ሞዘር በ1984 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሽቦ በሌላቸው ድፍን ጎማዎች በአንድ ሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ከ151 ሜትር ሲነዳ ያየ ሰው ዓይኑ ያንን ቅርጽ ከፍጥነት ለይቶ ማየት አልቻለም፤ ዛሬ ውብ የምንለውም ከዚያ የወረስነው ይመስለኛል። የሚያምር ብስክሌት በየማለዳው ከቤት ያወጣኛል፤ ይህም ለእኔ በቂ ምክንያት ነው። ብቻ ለመልኩ የሚከፍሉትን በፍጥነት ስም አይክፈሉት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጎማዬን ነፍቼ ብለካው 29.5 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ልገዛው የነበረው ቸርኬ ስፋቱ 28 ብቻ ነው። እሱን ትቼ ስፋቱ 31 የሆነ፣ ከፊት 45 ከኋላ 60 የሚጠልቅ እፈልጋለሁ።