«አረንጓዴ የለመደ ዓይን ግራጫ አያይም»? እኛን ነው?

የሂርማታ ልጅ፦ የዱር አህያና የሌሎች የበረሃ እንስሳት ስዕል ይዞ ከከተማ ከተማ የሚዞረው ሰዓሊ ጅማ ገብቷል። ስዕሉስ ይሁን። ያናደደኝ ንግግሩ ነው። የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ላይ ማይክ ጨብጦ «ጅማዎች፣ አረንጓዴ የለመደ ዓይን ግራጫ አያይም» አለን። እኛም አጨበጨብን! ተሰድቦ የሚያጨበጭብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የጅረን ልጅ፦ አቦ የቱ ጋ ነው ስድቡ? የዱር አህያ ግራጫ ነው። አፋር ድንጋይ መሀል ከቆመ አይለይም። እሱን ነው ያለው።

የሂርማታ ልጅ፦ «ጅማዎች» ብሎ ነው የጀመረው። ድንጋዩን አልጠራም።

በርጩማ፦ የኔ ጉዳይ ሌላ ነው። አህያ ለማየት 100 ብር ከፈልኩ። ጠዋት ጠዋት በራፌ ላይ በነጻ የሚያናፋው ምን በደለኝ?

መምህርቷ፦ ልጄ፣ በርህ ላይ የሚያናፋው የዚያኛው የልጅ ልጅ ነው። የቤት አህያ የመጣው ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። ዛሬ በዱር የቀረው በዋናነት እኛና ኤርትራ ጋ ነው። አዋቂዎቹ ተቆጥረው 200 መድረሳቸው ያጠራጥራል። ሐሙስ ገበያ ብትወጣ ከዚያ የሚበልጥ አህያ ታያለህ።

በርጩማ፦ እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ስዕሉ ላይ እግሩ መስመር መስመር ነው። ሰውየው ከላይ አህያ ጀምሮ ሲደክመው በሜዳ አህያ ጨረሰው።

መምህርቷ፦ እግሩ እንደዛ ነው! ገላው ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመር።

በርጩማ፦ በዓይንዎ አይተዋል?

መምህርቷ፦ በፎቶ።

በርጩማ፦ እኔም በስዕል። እኩል ነን።

ሹፌሩ፦ 11 ዓመት ጅቡቲ ተመላልሻለሁ። መንገዱ ያንጉዲ ራሳ ፓርክን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ፓርኩ የታሰበው ደግሞ ለዚሁ አህያ ነው። ሰጎን አይቻለሁ። አዋሽ ላይ ቀንዱ እንደ ጦር የቆመ ሳላ አይቻለሁ። የዱር አህያ ግን አንድም ቀን። መጀመሪያ ያየሁት ትናንት እዚሁ ጅማ ነው፣ ሸራ ላይ። በር አጠገብ ያለችውን ስዕል ልብ ብላችኋል? እናትየው ከነውርንጭላዋ ቆማለች። ወዲያ ማዶ ፍየሉና ግመሉ ውሃውን ከቦታል። የምታጠባ አህያ ከውሃ ርቃ መዋል አትችልም። ድርቅ ሲመጣ ሰውም ከብቱን ይዞ እዚያው ነው የሚሰፍረው። ማን ላይ ትፈርዳለህ? እግሬ አልነሳ አለኝ።

የሂርማታ ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎም 11 ዓመት ግራጫ አላዩም ማለት ነው። አረንጓዴ ስለለመዱ ነው?

ሹፌሩ፦ ስላለቀ ነው እንጂ!

የሂርማታ ልጅ፦ ይኸው! ችግሩ የዓይን አይደለም። ራሳቸው መሰከሩ።

የጅረን ልጅ፦ ቃል እየሰነጠቅክ ነው ወላሂ።

የቦዬ ጎረቤት፦ ጀመዓ፣ የቦዬ ረግረግ እኮ እዚሁ ጅማ አፍንጫችን ስር ነው። ጉማሬ አለ። ረግረጉን ለጡብ እየቆፈርን፣ ባህር ዛፍ እየተከልን ጨረስነው። ራሷ ላይ ወርቃማ አክሊል ያላትን ወፍ ልጄ «ሙሽራዋ» ነው የምትላት። እሷንስ ማን ሳላት? ሰው አፋር ድረስ የሚሄደው ቦዬ ስለማይታየው ነው?

የጅረን ልጅ፦ እሱ የአፋርን ሳለ። አንተ የቦዬን ሳል። ማን ያዘህ?

የቦዬ ጎረቤት፦ እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው።

በርጩማ፦ የአንዱን ስዕል ዋጋ አይታችኋል? ስንት አህያ ከነጋሪው ይገዛል! ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ተከፍቶ አገር ጮኾ ሲያዘጋ ይሄ ሰዓሊ የት ነበር?

መምህርቷ፦ እሱ የቤት አህያ ነው ልጄ! ስንቴ ልንገርህ?

በርጩማ፦ የልጅ ልጁ ነው ብለውኝ አልነበር? አሁን ዝምድናው ቀረ?

መምህርቷ፦ አንተን ያስተማረ መምህር አምላክ ይካሰው።

የሂርማታ ልጅ፦ ከጥያቄዬ አታምልጡ። «ጅማዎች» ለምን አለ? ድሬዳዋ ሲሄድ «ድሬዎች» ይላል?

የጅረን ልጅ፦ ድሬ ምን አረንጓዴ አላትና።

የሂርማታ ልጅ፦ እኮ!

የጅረን ልጅ፦ ምኑ ነው እኮ?

የቦዬ ጎረቤት፦ እስከ መቼ ነው ክፍት የሚሆነው? ልጄን ልወስዳት ነበር።

በርጩማ፦ እስከ እሁድ። እግሩን ብቻ ልብ ብለህ እይልኝ።