ሞተር ሳይወድቅብኝ ቤት ውስጥ እንዴት ላንሳው?

ጀማሪው፦
ሰላም ቤተሰብ። ያለሁት ባሕር ዳር ነው፣ የምነዳው ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል። የፊት ጎማው ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ሲጮህ ከረመና ራሴ ልቀይረው ብዬ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ጀመርኩ። በመሃል ማቆሚያው አቆምኩት፣ ከኢንጂኑ ሥር ብሎኬት ደርድሬ ፊቱን አነሳሁ። ፔርኖው፣ ማለትም ጎማውን የያዘው ዘንግ፣ ዝጎ እምቢ አለ። መፍቻውን በሁለት እጄ ይዤ ስስበው ብሎኬቱ ለሁለት ተሰነጠቀና ሞተሩ በጎኑ ተጋደመ። እግሬ ለጥቂት ነው የተረፈው። መስታወቱ ደቀቀ፣ ቤንዚንም ፈሰሰ፣ አጠገቡ ደግሞ እናቴ ከሰል ልታቀጣጥል ስትል ነበር! የመኪና ክሪክ አለኝ ግን ፈራሁ። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ካቴና፦
ወንድሜ እንኳን እግርህ ተረፈ። ብሎኬትን እርሳው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚችለው ክብደቱ እኩል ስለሚያርፍበት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ከተጫንከው ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ወፍራም የጣውላ ቁራጮች ደርድር። ዋናው ስህተትህ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የፔርኖው ዳዶ የሚላላው ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ እያለ ነው። ማታ ዝገት ማላቀቂያ ንፋበትና አሳድረው፣ የፍሬን ሸራው ጋ እንዳይደርስ ብቻ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ጉልበት የሚፈልግ ሥራ ካለ አወርደውና እንደገና እጀምራለሁ እንጂ አልታገልም።

ጋራዥ ያደገ፦
ክሪክ አያስፈራም። ግን ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም፣ ዘይቱ ቀስ እያለ ሊለቅ ይችላል። አንስተህ ጣውላውን ከሥር አስገባና ክብደቱን ጣውላው ላይ አሳርፍ። በክሪኩና በኢንጂኑ መሃል ጠፍጣፋ እንጨት ይኑር። የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ቱቦና የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን እንዳትደግፍባቸው፣ ያ ብሎን ክሩን ከበላ ወጪው ሌላ ነው። ግቢህ አፈር ከሆነ ክሪኩ ይሰምጣል፣ ሰፊ ሳንቃ አንጥፍለት።

አንድ ነገር ደግሞ። ፊቱን ስታነሳ የኋላው ጎማ መሬት ስለሚነካ ማርሽ አስገባ፣ ወደ ፊት አይንሸራተትም። የኋላውን ስታነሳ ግን የፊት ፍሬኑን እጀታ በውስጥ ጎማ ቁራጭ ጥብቅ አድርገህ እሰረው።

የሐዋሳ ልጅ፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? እኔ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ግማሽ ከረጢት አሸዋ አስራለሁ፣ ፊቱ ራሱ ብድግ ይላል።

ጋራዥ ያደገ፦
የሐዋሳው፣ ለአምስት ደቂቃ ሥራ ይሁንልህ። ከረጢቱ ትንሽ ከተንሸራተተ ግን ፊቱ ይወርዳል፣ ጎማው ደግሞ በዚያ ሰዓት ወጥቷል። ካሰርክም ከኢንጂኑ ሥር ጣውላ ማስገባቱን እንዳትተው።

ካቴና፦
ከርዕሱ ልውጣና፣ ካቴና የምታጸዱ ሰዎች እባካችሁ ሞተሩን አጥፉ። ማርሽ አስገብቶ ጎማው እየዞረ በጨርቅ የሚጠርግ ጎረቤት ነበረኝ፣ ጨርቁ ጣቱን ይዞት ገባ። ጎማውን በእጅ ማዞር ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ነፍቼበት አሳደርኩ፣ ዛሬ ጠዋት ጎማው መሬት ላይ እያለ ዳዶው በአንድ ምት ለቀቀ። ጣውላ ከአናጺ ጎረቤታችን ለመንኩ። ኩሽኔታው ግን አንዱ ቁራጭ ቸርኬው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ፣ እሱን እንዴት ነው የምታወጡት?